መከታ አይናከስም

በቃሉ ጀርመን አገር በሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ሙሉ የፈረንጅ ሽማግሌና አሮጊት ሲያገላብጥ አድሮ ገብቷል፤ መጋረጃውን ስቧል፣ ስልኩን ትራሱ ሥር ቀብሯል፣ ጋደም ብሏል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ አሶሳ አምስት ሆኗል። እናቱ ይኼኔ ከማንጎው ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ውሻዋ እግሯ ላይ ተኝቶ፣ የልጇን ስልክ ትጠብቃለች፤ ወይም አትጠብቅም፣ እሱ ነው እንደምትጠብቅ የሚያስበው። ዛሬ ሰኞ ነው። ሐሙስ አውሮፕላን አለ፤ ዓርብ ጠዋት አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለ፤ ያ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ የሚሰጠው ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ሞራው ደግሞ ግራ ዓይኗን ጨርሶ ቀኙን ጀምሯል። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል፤ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ እህቱ የሻረግ እናቷን ለዘለቄታው ልታኖራት አዲስ አበባ ባለው ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ አልጋ ዘርግታለች፣ አምባ ስምንት በሚባለው የሰፈራ መንደር ያለውን የእናቱን ቤት አንድ አስተማሪ ከነቤተሰቡ ሊከራየው ተስማምቷል፤ የቀረ አንድ ነገር ነው፣ ውሻው። «መከታ የሚገባበት ቤት ሳያገኝ እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም፣ ብየሃለሁ» ብላለች እማዬ፤ ብላለች ማለት ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ብላለች። ሰው ዓይኑ እየጠፋ ለውሻ ብሎ ይቀራል? ይቀራል። በቃሉ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ግድግዳውም አላስተኛውም።

እርር ድብን የሚያደርገው ደግሞ እዚህ አገር ለእንስሳ ቤት ፈላጊው እሱ መሆኑ ነው። ማንም አልሾመውም። ዓምና አንዲት ሂልደ የምትባል አሮጊት መጦሪያው ስትገባ ድመቷን ይዛ መግባት አይቻልም ተባለች፤ ልጆቿ ድመቷን ባለቤት የሌለው እንስሳ ወደሚታጎርበት መጠለያ ሊሰዷት አሰቡ፤ ሴትዮዋ ታዲያ በመጀመሪያው ሌሊት የበቃሉን እጅጌ ይዛ «እኔን አጎሩኝ፣ እሷስ ምን አደረገች?» እያለች እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሌላ ሰው ተረኛ አልነበረም፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ሲበረብር ባለቤቱ ራሱ ያለ መጠለያ፣ ያለ ደላላ፣ እንስሳውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያስረክብበት ገጽ አገኘ፤ ቅጹ አርባ አንድ ጥያቄ ነበረው። በቀን ስንት ሰዓት ብቻዋን ትሆናለች? ድምፅ ትፈራለች? የምትተኛበት ቦታ ፀሐይ ያገኘዋል? ባለቤቱ ቢታመም ማን ይረከባታል? በቃሉ እየሳቀ ሞላው፤ እየሳቀ ነው የጀመረው፣ ሃያኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ቀረ፣ ለምን እንደቀረ አልገባውም። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ድመቷን ወሰዳት፣ በየሳምንቱ ፎቶ ይልካል፣ ሂልደ ፎቶውን ሳታይ መድኃኒቷን አትውጥም። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለውም፤ በቀቀን ያለው፣ አሮጌ ውሻ ያለው፣ ሁለት ጥንቸል ያላት፣ ሁሉም «ያንን ጥቁሩን ልጅ ጥሩልን» ይላሉ፤ ለሁሉም ቤት አግኝቷል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው፣ ሌላ ምን አለ።

እና የሠራውን ስህተት ሲያስበው ብርድ ልብሱን ገፍፎ ይነሣል፣ መልሶ ይተኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት በአሶሳ ልጆች የቴሌግራም ገጽ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ያወጣውም ለሂልደ ድመት እንዳወጣው አድርጎ ነው። «መከታ፤ ወንድ፣ አምስት ዓመቱ፣ ቡናማ። ማንንም አይናከስም። እንግዳ ሲመጣ በደስታ ይቀበላል። ልጆች ይወዳል። ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል። ፍቅር ላለው ቤት ይሰጣል።» እዚህ እንደዚያ የተጻፈለት ውሻ ሰው ይሻማበታል። አሶሳ ግን ውሻ የሚያዘው ለአጥር ነው! አጥር የሌለው ሰው ውሻ አለው፣ አጥር ያለውም አጥሩን ስለማያምን ውሻ አለው፤ ይህን የማያውቅ የአምባ ልጅ የለም፤ በቃሉ ራሱ በልጅነቱ ከሰው ግቢ ማንጎ ሊያወርድ ገብቶ በስንት ውሻ ተባርሯል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው አለ። በሰባት ዓመት ስደት ውስጥ ጭንቅላቱ ምን ሆነ? መልሱ ይጎርፍ ጀመር። አንዱ «ሌባ ሲመጣ ሻይ አፍልቶ ይጠብቃል?» አለ። ሌላው «ወንድሜ፣ ይህን አይስጡት፣ ይዳሩት» አለ። አንዲት ሴት ከልቧ ተቆርቁራ «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ታዲያ ምኑ ነው ውሻ?» ብላ ጠየቀች። ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። ቤት የሰጠ የለም።

ስሙን ያወጣችው እማዬ ናት፤ መከታ አለችው፣ እሱም ለማንም መከታ ሳይሆን አምስት ዓመት ኖረ። «አንተ ከሄድክ ወዲህ ግቢው ዝም አለብኝ» ብላ ነው ከገበያ ቡችላ ይዛ የመጣችው፤ ስለዚህ በቃሉ ውሻውን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም፣ በስልክ ውስጥ ሲያለከልክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛውን ስህተት የሠራው እንዲህ ባለው ውሻ ላይ ነው። ታፈረ የሚባል የአሶሳ ሰሊጥ ነጋዴ ስልክ ደውሎ ለመጋዘኔ ውሻ እፈልጋለሁ፣ ያንተው እንዴት ነው አለ፤ በቃሉም፣ ሁለት መቶ ሰው የሳቀበት በቃሉ፣ «ኃይለኛ ነው፣ ሰው አያስቀርብም፣ እናቴን ብቻ ነው የሚሰማ» አለው። ከአፉ እንደወጣ አንገቱ ድረስ ሞቀው። ታፈረ ባጃጅ ልኮ አስወሰደው። በአምስተኛው ቀን ስልኩ ይጮሃል፣ በቃሉ ያነሣል፤ «ስማ አንተ፣ የላክህልኝ ውሻ ነው ወይስ አስተናጋጅ? ትናንት በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ገብቶ ሁለት ኩንታል ሰሊጤን ሲያወጣ ውሻህ ጭራውን እየቆላ እስከ በሩ ሸኘው! ዘበኛው በዓይኑ አይቷል!» ጋሼ ይቅርታ፣ ይላል በቃሉ፣ ጋሼ ምናልባት ቦታው ቢለምድ፤ ታፈረ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ጠረቀመበት።

«ኃይለኛ ነው ብለህ ነው የሰጠኸው?» አለችው እናቱ በማግሥቱ። ድምፅዋ ውስጥ ወሎ አለ፤ አርባ ዓመት አሶሳ ኖራ ወሎ ከአፏ አልወጣም። «እማዬ፣ ሌላ ምን ልበል፣ እውነቱን ስናገር ማንም አልፈለገውም።» «ዋሽተህ ነዋ! ታፈረ ግቢየ ድረስ መጥቶ ገመዱን እጀ ላይ አስቀምጦ ምን አለኝ መሰለህ? ‹እትዬ ዘቢደር፣ ልጅዎ ውጭ አገር ሄዶ የተማረው መዋሸት ነው?› አለኝ። አንድም ቀን ያላየኸውን ውሻ ስሙን ታጠፋለህ? ይህ ውሻ ክፉ ነው ብለህ ማን ነገረህ?» ክፉ አላልኩም፣ ኃይለኛ ነው ያልኩት፣ ይላል፤ እሷ አትሰማም። ቁጣዋ ውስጥ እንደ ደስታ ያለ ነገር የሰማ መሰለው፤ መስመሩ ነው፣ አለና አለፈው። ከዚያ የሻረግ ደወለች፣ የሻረግ ስትደውል ሁልጊዜ ከታክሲ ውስጥ ነው፣ ሁልጊዜ ትጮሃለች። «ፍቱትና ይሂድ በቃ! አገሩ ሁሉ ውሻ አይደል? ቀጠሮውን ያገኘሁት ስንት ሰው ለምኜ እንደሆነ ታውቃለህ?» ያውቃል። ግን የተፈታ ውሻ መጨረሻው ምን እንደሆነም ያውቃል፣ እማዬም ታውቃለች፤ ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይወረውርለታል፣ ጠዋት ቦይ ውስጥ ነው። «እሷን አሳምናት፣ አንተን ትሰማለች» አለች የሻረግ። ማንን ትሰማለች? ሁለቱም እሱ ላይ ይጮሃሉ፣ ሂልደ እንኳ ትናንት «የእናትህ ውሻ ምን ሆነ?» ብላ ተቆጥታዋለች። አንድ ሰው እኮ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ክፍል።

የሚደወልለት ሰው እንዳለ ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። ሐመድ ነው፤ ከአምባው ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ያለው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ አብረው የተቀመጡት፣ ከዚያ ትምህርቱን ትቶ የአባቱን እርሻ የያዘው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ጓደኛው። ከሰባት ዓመት በፊት በቃሉ ልሂድ ሲል እስከ ሱዳን ጠረፍ፣ እስከ ኩርሙክ ድረስ በእግር ወስዶ ድንበር ያሻገረው ሐመድ ነው፤ ሁለት ቀን ሄደዋል፣ ውኃ ሲያልቅ የራሱን ድርሻ ሰጥቶታል፣ ሲለያዩ በቃሉ «እንደደረስኩ እደውልልሃለሁ» ብሏል። ካርቱም እያለ ስልክ አልነበረውም። ሊቢያ ስልክ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጀርመን ሲደርስ ስልክ ነበረው፤ ግን ዘግይቷል፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ ምን ይላል፤ ነገ እደውላለሁ አለ፣ ነገ ሁለት ዓመት ሆነ፣ እያደር እፍረቱ እየወፈረ ስልኩን ማንሣት ከበደው። አሁን ደግሞ ሰባት ዓመት ጠፍቶ ለውሻ ብሎ ይደውል? ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ? ተነሣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ተቀመጠ፣ ቁጥሩን ነካው። ይጠራል።

«አሎ» አለ ወፍራም ድምፅ። «ሐመድ፣ በቃሉ ነኝ። የአምባ ስምንቱ።» ከኋላ ሰው እንጨት ይፈልጣል። «እኔ አንተ ሞተ ብዬ ነበር» አለ ሐመድ። «ባሕር ውስጥ። አንድ ዓመት ሙሉ ሞተ ብዬ ነበር። ከዚያ እናትህ መጣ ቤቴ፣ ‹ደረሰ› አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ አልኩ፣ ደረሰ።» በቃሉ ሰባት ዓመት ያዘጋጀውን ይቅርታ ጀመረ። «ተወው» አለ ሐመድ። «ምን ፈልገህ ነው?» እና በቃሉ ነገረው፤ እንዳለ ነገረው፣ ሳይቀባ፣ አይናከስም፣ ኃይለኛ አይደለም፣ ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል፣ የታፈረን ሌባ እስከ በር ሸኝቷል። ሐመድ ሳቀ፤ ያ ሳቅ አልተለወጠም፣ አራተኛ ክፍል ሳሉ ከወንበር ያስባርራቸው የነበረው ሳቅ ነው። «ዝንጀሮ ሲያይስ?» አለ። «ዝንጀሮ አላየም። ጦጣ ማንጎው ላይ ከወጣ ግን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ እማዬን ራሷን ያማታል።» «እሱ ነው የምፈልገው! እኔ ሰው አይሰርቀኝም በቃሉ። የኔ ሌባ ዝንጀሮ ነው፣ በቆሎዬ ጨረሰ። ቤት አይገባም እሱ፣ ሶላት የምንሰግድበት ነው። እርሻ ላይ ጎጆ እሰራለታለሁ፣ ልጆቼ ምግብ ይወስዱለታል።»

እዚያ ላይ መዝጋት ነበረበት። ግን ልማድ ክፉ ነው፣ ቅጹ አፉ ላይ መጣ። ብቻውን ስንት ሰዓት ይሆናል? ሲዘንብ ይጠለላል? ቢታመምስ? አንተ ገበያ ስትሄድ ማን ያየዋል? ልጆቹ አይመቱትም? ሐመድ አንድ በአንድ መለሰ፣ በትዕግሥት መለሰ፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ግን እሱ ጠየቀ። «በቃሉ፣ እኔ አንተን ድንበር ሳሻግር ስንት ጥያቄ ጠየቅኩ?» «አልጠየቅክም።» «እህ» አለ ሐመድ። «ረቡዕ እመጣለሁ።»

ረቡዕ መጣ። እማዬ ለሐመድ አስቀድማ በስልክ ነግራዋለች፤ ውሻ ጌታ የሚለውጠው በቂጣ ነው፣ ቂጣውን ከጠዋት ጀምሮ ብብትህ ውስጥ ይዘህ ዋል፣ ላብህ ይግባበት፣ ያንን የበላ ውሻ አንተን ትቶ አይሄድም። ሐመድም የተባለውን አድርጓል፤ «ወላሂ ግማሽ ቀን ክንዴ አልዘረጋሁም» እያለ ይስቃል፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ ግቢውን ለበቃሉ ያሳየዋል። በቃሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያያል። በሩ ላይ ያለው ቆርቆሮ ዝጓል። ማንጎው አድጓል። መከታ ካሰበው ያነሰ ነው፣ አንድ ጆሮው የተሰነጠቀ ነው፣ የመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያየው፤ ሐመድን አሸተተው፣ ጭራውን ቆላ፣ ቂጣውን በላ፣ ይህ ውሻ በእርግጥም እንግዳ ይወዳል። እማዬ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ የሰጠ ሰው ጀርባውን ይሰጣል እንጂ ሲሄድ አያይም፣ ካየ ውሻው ይመለሳል ይባላል። ብታይስ ምን ታያለች? ቢሆንም ዞራለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ አንድ መዳፏን ጭቃው ላይ ለጥፋ ቆማለች። «ሄደ?» አለች ወደ ግድግዳው። «እየሄደ ነው እማዬ» አለ በቃሉ ከጀርመን፣ በሐመድ እጅ ውስጥ ባለው ስልክ። «አልዞረም?» ምስሉ ይወዛወዛል፤ ገመዱ ረግቧል፣ ውሻው ከሐመድ ቀድሞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። «አልዞረም።» «እሰይ» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ መጣ። በቃሉ ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው፤ ሥራ ሲገባ ለሂልደ «አገኘሁለት» አላት፣ ሂልደም አጨበጨበች፣ የጎን ክፍሏ ሰውዬም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ራሱ ደወለ። እናቱ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጣለች፤ ሐመድ በባጃጅ አድርሷት፣ ሻንጣዋን አስፈትሾ፣ መከታ ሌሊቱን በሰላም ማደሩን ነግሯት ሄዷል። በቃሉ ደስ ብሎታል፤ ደስ ያለው ሰው ብዙ ያወራል። የሻረግ በር ላይ ትጠብቅሻለች፣ ዓርብ ከሁለት ሰዓት በፊት ሐኪሙ ዘንድ ትደርሳላችሁ፣ አትፍሪ፣ አይቆረቁርም አሉ፣ መከታም ደህና ነው፣ በሳምንቱ ሐመድ ጋ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማደርገው። «ተባረክ» አለች። «እማዬ?» «አቤት።» «ምነው ዝም አልሽ?» «ምን ልበል?» «ደህና አይደለሽም እንዴ?» «ደህና ነኝ። ወንበሩ ይቀዘቅዛል።» ደስታው ባለበት ቆመ። «ዓይንሽ ሲድን እኮ ትመለሻለሽ» አላት፣ ለምን እንዳለ ሳያውቅ። «የት?» አለች እማዬ። «ቤቴ ውስጥ አስተማሪው ገብቷል። ግቢየ ውስጥ ውሻ የለ። የት ነው የምመለሰው ልጀ?»

በቃሉ ተቀምጦ ነበር፣ ተነሣ። የሱ ክፍል ትንሽ ናት፣ ሦስት እርምጃ፣ ግድግዳ፣ ሦስት እርምጃ፣ አልጋ። የሻረግ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የሻረግ ከአንድ ሰዓት ጀምራ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት፣ ይህን ያውቃል፣ ሁልጊዜ ያውቃል፣ ግን አስቦት አያውቅም፤ ለእናቱ አልጋ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል፣ አልጋ አለ ተባለ፣ አበቃ። «እማዬ፣ መሄድ አልፈለግሽም ነበር? ካልፈለግሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ስልህ የከረምኩ መሰለህ?»

በማይክሮፎን አንድ ድምፅ ስም ይጠራል፣ ሻንጣ ይጎተታል፣ ሕፃን ያለቅሳል። እናቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «መከታ ሰበቤ ነበር» አለች፣ የገበያ ወሬ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ። «ታፈረ ሲመልሰው እግዜርን አመስግኛለሁ፣ አንተን እየተቆጣሁም። ምን ላድርግ፣ አልሄድም ብልህ ዓይንሽ ይጠፋል ትለኛለህ፣ እውነትህን ነው፣ ዓይኔ ይጠፋል። ግን አንድ ቀን ‹እማዬ ምን ይሻልሻል› ትለኛለህ ብየ ስጠብቅ ነበር። በሰባ ሰባት ከወሎ በዚያ በሚንቀጠቀጠው አውሮፕላን ጭነው እዚህ ሲያራግፉኝም ማንም አልጠየቀኝ። ያንን መንግሥት ነው ብየ ተውኩት።»

እማዬ፣ አለ በቃሉ።

«በል ጠሩን» አለች። «ለሐመድ ደግሞ ደውልለት፣ ለውሻው ሳይሆን ለራሱ ደውልለት። ደህና ዋል ልጀ።» ስልኩን ለጎኗ ሰው ስትሰጥ ተሰማው፤ አንዲት የማያውቃት ሴት «ወንድሜ፣ እናትዎ ተነሥተዋል፣ ይዣቸው ልሂድ ነው፣ ልዝጋው?» አለችው። ሴትየዋም ጥቂት ጠብቃ ዘጋችው።